የሸለቆው አስተዳዳሪ

ጨዋታው ሊዘጋ መሆኑ በተነገረበት ማለዳ ኤልዳና የባሏን ዓይን እያጠበች ነበር። ለብ ባለ ውሃ የተነከረውን ጥጥ ከአፍንጫው ወገን ወደ ጆሮው ወገን ቀስ አድርጋ ትስባለች፤ መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን። ከዚያ ጠብታ፣ ከዚያ መነጽር። መነጽሩ ኪሩቤል ፊት ላይ ሲቀመጥ ሁልጊዜ «እንኳን ወደ ሸለቆ ተመለሱ» ይል ነበር። ያን ቀን ግን ሌላ ነገር ተናገረ። ኩባንያው ሸለቆ የተባለውን ጨዋታ ክረምት ሲገባ እንደሚያቆም፣ ተጫዋቾቹን ለዓመታት ስላሳዩት ታማኝነት እንደሚያመሰግን፣ ወደ አዲሶቹ ጨዋታዎች ለሚሸጋገሩም ስጦታ እንደተዘጋጀ ገለጸ።

ኤልዳና ጥጡን እንደያዘች ቆመች። ኪሩቤል አንድ ነገር ሊል የሚችለው ሸለቆ ውስጥ ከገባ በኋላ ነበር።

ኪሩቤል በደህናው ጊዜ ኮምቦልቻ ውስጥ የፋብሪካ ማሽን ጠጋኝ ነበር። በሽታው በእጁ ጀመረ። አጠበቅሁት ያለው ብሎን ላልቶ ሲገኝ አለቆቹ ሰነፈ አሉት። ቆይቶ እግሩን ያዘው፣ ቀጥሎ ምላሱን። ሐኪሞቹ ለበሽታው ስም ነበራቸው፤ መድኃኒት አልነበራቸውም። በመጨረሻ የተረፈው ዓይኑ ብቻ ሆነ። መነጽሩን ያገኘው ከአጋዥ መሣሪያዎች ማዕከል ነው። መነጽሩ ለብቻው የሚያውቀው ጥቂት ቃል ነው፦ ውሃ፣ ያመኛል፣ አዙሩኝ፣ በቃኝ። ዓይኑ እየደከመ ሲሄድ እነዚህንም መለየት አቆመ። ሸለቆ ግን ሌላ ነበር። ጨዋታው ለብዙ ዓመት የኪሩቤልን ዓይን ሲከታተል ኖሮ፣ ሌላ ሰው ቀርቶ ሚስቱ እንኳ የማታየውን ትንሿን እንቅስቃሴ ለይቶ ወደ ቃል መለወጥ ችሏል። ድምፁንም ድሮ ከተቀዱ መልእክቶቹ አውጥቶ ሠርቶለታል። እዚያ ውስጥ ኪሩቤል ይራመዳል፣ ይቀልዳል፣ ይቆጣል። ወንዝ ዳር የውሃ ፓምፕ የሚጠግንበት ሱቅ አለው። የእድር አባል ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው እውነተኛ ለቅሶውን የሚቀመጠው ሸለቆ ድንኳን ውስጥ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ብቻውን፣ መነጽር አድርጎ፣ በሰው ተከቦ።

ኤልዳና ሸለቆ ገብታ አታውቅም። ባሏን የሚያገላብጥ፣ ምራቁን የሚጠርግ አንድ ሰው ከውጭ መቆየት ነበረበት። የእንጀራ ሥራዋም እዚያው አልጋው አጠገብ ነበር። ማሽኖች የተጠራጠሩበትን ምስል ስክሪኗ ላይ ያመጡላታል፤ እሷ ውሻ ነው፣ ድንጋይ ነው፣ ሰው ነው ትላለች። ይህን ስትል አንዱ ጆሮዋ ላይ ያለው ማዳመጫ የባሏን ድምፅ ያሰማታል። ከደንበኛ ጋር ሲከራከር፣ ጎረቤት ሲጠራ፣ ወንዙ ሲፈስ ትሰማለች። ምሳ ስትበላ እሱም እዚያ ገበታ ይቀርባል። «ብዪ፣ እኔም እየበላሁ ነው» ይላታል። የትዳራቸው ኑሮ ይኸው ነበር፤ ለምደውታል።

ማስታወቂያውን በሰማች ቀን ኩባንያው ጋር ደወለች። የመለሰላት ድምፅ ስሟን ያውቃል፤ በጣም ትሑት ነው። የባሏን ሁኔታ ስታስረዳው ማዘኑን ገለጸላትና አንድ አዲስ ጨዋታ ጠቆማት። ጨዋታው ስለ ኪሩቤል ዓይን የተማረውን ወደዚያ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ጠየቀችው። ያ እውቀት የጨዋታው አካል እንጂ የደንበኛው ንብረት እንዳልሆነ ነገራት። ሰው አገናኘኝ ስትለው፣ ሰው የሚያነጋግረው ድርጅቶችን ብቻ እንደሆነ አስረዳት፣ በመስተንግዶው ረክታ እንደሆነም ጠየቃት።

አዲስ ጨዋታ ዓይኑን እስኪለምድ ዓመታት ይወስዳል። የኪሩቤል ዓይን ያን ያህል ዓመት እንደሌለው የማዕከሉ ነርስ ቀደም ብላ ለኤልዳና ነግራታለች።

ወሬውን ያመጣው ራሱ ኪሩቤል ነው፤ ከእድሩ ሰዎች ሰምቶ። የሚዘጋ ጨዋታ ፕሮግራሙን ክፍት አድርጎ መተው አለበት የሚል ሕግ ነበር። ኩባንያውም ጨዋታውን ለሁሉም የሚያስኬደውን የሰርቨሩን ፕሮግራም፣ ዓለሙንና እያንዳንዱ ተጫዋች በውስጡ ያለውን ሁሉ፣ ከዚህ በኋላ ለሚሆነው ነገር ኃላፊነቱ የወሳጁ ነው ከሚል ቃል ጋር ማንም እንዲወስደው አስቀምጦታል።

«ሰርቨሩን ማንም ሰው ቤቱ ማቆም ይችላል አሉ» አላት።

«ማንም ሰው ማለት ማን ነው?»

«እኔ እንጃ» አለ ኪሩቤል። «አንቺ ሳትሆኚ አትቀሪም።»

ኤልዳና የምታውቀው ባለሙያ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሰፈሩን የኢንተርኔት መስመር የምትጠግነው ኢክራም። ኢክራም አርባዎቹን ያገባደደች፣ ብዙ የማታወራ ሴት ናት። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ዛሬ ቤት ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ከነሥርዓቱ ታሽጎ እንደሚመጣ፣ በተከፈተ ቁጥር ከሠሪው ፈቃድ እንደሚጠይቅ፣ ያልታወቀ ፕሮግራም እንደማያስገባ አስረዳቻት። የሚያስፈልጋቸው ከዚያ በፊት የተሠራ አሮጌ ማሽን ነው። በላዩ ላይ የሚጫነውም ሊኑክስ ነው፤ ባለቤት የሌለው፣ በየአገሩ ያለ ሰው ተጋግዞ የሠራው፣ ማንም ከፍቶ ሊያየውና ሊለውጠው የሚችለው ሥርዓት። አባቷ በሕይወት ሳሉ ኮምፒውተር ይጠግኑ ነበር፤ እሷም የተማረችው ከእሳቸው ነው። በማግስቱ ከአባቷ ዕቃ ቤት፣ ከኬብል ክምር ሥር ያወጣችውን አቧራ የጠጣ ሣጥን ተሸክማ መጣች።

«ይሠራል ብዬ ልዋሽዎ አልችልም፣ እትዬ ኤልዳና» አለቻት። «ግን ከሠራ ማንንም አይጠይቅም።»

ማሽኑን የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ኢክራም ሊኑክሱን የያዘውን ፍላሽ ሰካች። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ነጫጭ ፊደላት ወረዱ፣ ከዚያ ጥያቄ መጣ። በየትኛው ቋንቋ ላናግርዎ? ማሽኑ ምን ተብሎ ይጠራ? የሚያስተዳድረው ማን ነው? በዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ እርግጠኛ ነዎት? ኤልዳና ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቃቸው ዕቃዎች ሁሉ የሚሆነውን የሚነግሯት ነበሩ። ይኼኛው ጠይቆ ዝም ብሎ ይጠብቃል። እርግጠኛ ነዎት የሚለው ላይ እጇ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ኢክራም አላቻኮለቻትም።

ሊኑክሱ ሳይቸግር ገባ። የጨዋታው ሰርቨር ግን አስቸገረ። ሲያስነሡት የሆነ ትንሽ ፕሮግራም ይጎድለኛል ይላል፤ ያንን ሲያመጡለት እሱ ደግሞ ሌላ ይፈልጋል። አንዲት ነጥብ ከተሳሳተች ትእዛዙን አልሰማም ይላል። ኢክራም ሥራ ስላለባት ጠዋት ጠዋት ብቻ እየመጣች ታሳያታለች፤ ቀሪውን ቀን ኤልዳና ብቻዋን ትሞክራለች። በውሻና በድንጋይ መካከል እየተመላለሰች ትእዛዝ መጻፍ ለመደች። ኪሩቤልም ከመኝታ ቤት፣ አልጋው አጠገብ ባለው ድምፅ ማጉያ ይረዳታል። አሶሳ ያለች አንዲት የሸለቆ ጎረቤቱ ለራሷ ሰርቨር ለማቆም ስትታገል ያገኘችውን መፍትሔ ሁሉ እየጠየቀ ያቀብላታል። እሱ የቀድሞ ሥራው ላይ የተመለሰ ያህል ደስ ብሎታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የመጨረሻዋን ትእዛዝ እንደጻፈች ስክሪኑ ላይ ሁለት አጭር መስመር ወጣ።

ዓለሙ ተነሥቷል።
ተጫዋች፦ የለም።

የኩባንያው ሸለቆ በቀጠሮው ቀን ተዘጋ። ሰዎቹ ሁሉ ድልድዩ ላይ ተሰብስበው ነበር። የእድሩ ሊቀመንበር የስንብት ንግግር እያደረጉ ሳለ «እንግዲህ እኛ» ብለው ድምፃቸው ተቋረጠ፤ ወንዙም ዝም አለ። ኤልዳና ባሏን አየችው። መነጽሩ ውስጥ ዓይኑ አሁንም ይንቀሳቀሳል። እየተናገረ ነበር፤ የሚሰማው ግን አልነበረም። ኢክራም መነጽሩን አንሥታ የሳሎኑን ማሽን አድራሻ አስገባችበትና መለሰችለት። ጠበቁ። ኤልዳና ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ተጫነችው።

«ወንዙ አለ» አለ ኪሩቤል። «ሱቄም አለች። ሰው ግን የለም።»

ሰው ቆይቶ መጣ። አድራሻውን አንዱ ለሌላው እየነገረ ከጂማ፣ ከነቀምት፣ ከአሶሳ እየገቡ ቤታቸውን በነበረበት አገኙት። ሊቀመንበሩም መጥተው ንግግራቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። ኤልዳና ሳታስበው የአንድ ዓለም አስተዳዳሪ ሆነች። ማለዳ ከባሏ ዓይን ቀጥሎ የምታየው የማሽኑን ማራገቢያ ነው፤ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ትጠርግለታለች። መብራት ሲሄድ ዓለሙ ይጠፋል፤ መብራት ሲመጣ እሷ ታስነሣዋለች። ሰዎች አቤቱታ ይጽፉላታል። አንዱ ጎረቤቴ አጥሬን ገፋብኝ ይላል፣ ሌላው ዝናብ በዛ ይላል። አንዲት እናት በሕይወት የሌለ ልጇ የሠራውን ቤት እንዳታፈርስባት ለመነቻት። ኤልዳና እንደማታፈርስ ጻፈችላት። ኪሩቤል በዚህ ሁሉ ይስቅ ነበር። መንግሥት እያለ ይጠራታል፤ ከሱቁ ጀርባ ትንሽ መሬት እንድትጨምርለት ማመልከቻ ያቀርባል። ከታመመ ወዲህ እንዲህ የተደሰቱበት ጊዜ አልነበራቸውም።

በዚያ ሰሞን ነው የተኪው ነገር የመጣው። ተኪ ማለት ተጫዋቹ ሲወጣ ቦታውን የሚይዝለት ምስሉ ነው፤ ሱቅ እንዳይዘጋ፣ ሰላምታ እንዳይቋረጥ። በኩባንያው ጊዜ ተኪ ሰላም ብሎ ዕቃ ከመሸጥ አያልፍም ነበር። ኢክራም ቅንብሩን ስታይ ገደቡን ኩባንያው ያስቀመጠው እንደሆነ፣ በራሳቸው ሰርቨር ላይ ግን ገደብ እንደሌለ አስተዋለች። ተኪው ጨዋታው ስለ ሰውየው የተማረውን ሁሉ ይዞ መናገር ይችላል። ይዘጋ ወይስ ይቆይ ብላ ጠየቀች። ኪሩቤል ብዙ ይተኛል፤ ደንበኛ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ይቆይ አለ። ኤልዳናም ይቆይ አለች።

አንድ ቀን ልብስ እያጠፈች በማዳመጫው ከባሏ ጋር ብዙ አወራች። በታናሽ እህቷ ሠርግ ላይ ዝናብ የጣለ ዕለት ድንኳኑ በሰው ላይ እንዴት እንደወረደ እያስታወሱ ሳቁ። ልብሱን ልታስቀምጥ መኝታ ቤት ስትገባ መነጽሩ ኮሞዲኖው ላይ ነበር። ኪሩቤል እንቅልፍ ወስዶታል። ሲነቃ እየሳቀች ነገረችው። እሱ አልሳቀም።

«ምን አለሽ?» አላት።

«አንተ የምትለውን።»

«እንዲያ ነው?» አለ። ከዚያ በኋላ ያን ቀን ብዙ አላወራም። ኤልዳና ደክሞት ነው ብላ ተወችው።

ከማዕከሉ መልእክት የመጣው ክረምቱ ሲወጣ ነው። የታካሚዎችን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል መነጽሮቹ ከሚቀጥለው አፕዴት ጀምሮ ከተመዘገቡ አገልግሎቶች ጋር ብቻ ይገናኛሉ ይላል። ኤልዳና ኢክራምን አልጋው አጠገብ አስቀምጣ ማዕከሉ ድረስ ሄደች። ከቤት ከወጣች ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር። አውቶቡሱ የተሳፋሪውን ሁሉ ፊት እስኪለይ ከቦታው አልተነሣም። ማዕከሉ ውስጥ ያነጋገራት ሰው ቅን ነበር። ወንበር ሰጣት፣ እስክትጨርስ አዳመጣት፣ ስትጨርስ የእሱም ዓይን እርጥብ ነበር። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረላት። አመልካች በሚለው ቦታ ላይ የሚገባው የድርጅት መለያ ብቻ ነው። የእሷን ስም ራሱ እያየች ሞከረላት፤ አልገባም።

«ሥርዓቱ ሰው አይቀበልም፣ እናቴ» አላት።

ይህን ማን ሊለውጠው እንደሚችል ጠየቀችው። እሱም ለሌላ ታካሚ ብሎ ይህንኑ የበላዮቹን እንደጠየቀ፣ መልሱን እስካሁን እየጠበቀ እንደሆነ ነገራት። እስከ በሩ ሸኛት።

ኢክራም የምትችለውን ሞከረች። አፕዴቱ እንዳይደርሰው መነጽሩን ከማዕከሉ አቋረጠችው። መነጽሩ ከማዕከሉ ጋር ሳይገናኝ ሲቆይ ለታካሚው ደኅንነት ብሎ ራሱን ያጠፋል፤ ስለዚህ መልሳ አገናኘችው። የሌላ አገር መነጽር አፈላለገች፤ ያም በራሱ ማዕከል የታሠረ ነው። በመጨረሻ መፍቻዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ማሽኑ የእናንተ ነው፣ የፈለጋችሁትን ታደርጋላችሁ፤ መነጽሩ ግን የእናንተ አይደለም አለች። ይህን ስትል ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነበር፤ ዓይኗን ግን ከጠረጴዛው አላነሣችም።

አፕዴቱ የሚመጣበትን ሳምንት ያውቁ ነበር፤ ሰዓቱን አያውቁም። ኪሩቤል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። ኤልዳና አንዴ እንድትገባለት ፈለገ። ኢክራም ከባሏ አልጋ አጠገብ ተቀመጠች፤ ኤልዳና ዓይን የማያነበውን፣ በእጅ ብቻ የሚታዘዘውን የኢክራምን መነጽር አድርጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሸለቆ ገባች።

ሱቁ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ረጅም መሆኑን ረስታው ኖሯል። በተኛበት ዓመት ሁሉ ከላይ ወደ ታች ስታየው ነው የኖረችው፤ አሁን ቀና ማለት ነበረባት። ወንዙን ተከትለው ሄዱ። የጠገናቸውን ፓምፖች አሳያት፣ የሚያጭበረብረውን ጎረቤቱን ቤት አሳያት። ሰዎች አስተዳዳሪዋ መጣች እየተባባሉ ከየደጃቸው ሰላም አሏት። ወንዙ በሚጠብበት ቦታ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እጁን ያዘችው፤ በእጇ ውስጥ ግን ምንም አልተሰማትም።

ወደዚህ መግባት ሲያቅተው ዓለሙን ምን እንድታደርገው እንደሚፈልግ ጠየቀችው። ሰዉ አለበት፣ ሰዉ ይኑርበት አለ። ይህን ሲል አላመነታም።

«ያኛውስ?» አለች። «ተኪህ?»

ኪሩቤል ወንዙን አየ። «እሱን» አለ። ትንሽ ቆም አለ። «እሱን ተይው፣ ኤልዱ። ይልቅ ተነሺ፣ ውሃውን እንሻገር።»

ተነሥቶ እጁን ዘረጋላት። ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጡ ተሻገሩ። ማዶ ደርሰው ሳር ላይ እንደቆሙ የኢክራምን ድምፅ ከሩቅ ሰማች። ኢክራም ደጋግማ ስትጠራት ቆይታ ኖሯል። ኤልዳና መነጽሯን አወለቀች። የኪሩቤል መነጽር ላይ ቀይ መብራት በርቷል። አገልግሎቱ ያልተመዘገበ ነው ይላል። መች እንደጠፋ ጠየቀች፤ ኢክራም እሷ ከመውጣቷ ጥቂት ቀደም ብሎ እንደሆነ ነገረቻት። ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ይሁን ከተሻገሩ በኋላ፣ ሁለቱም ማወቅ አልቻሉም። ኪሩቤል ጣሪያውን ያያል። ከማዳመጫው ውስጥ ኪሩቤል «የት ሄድሽ?» ይላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ከውጭ ለሚያየው ብዙም አልተለወጠም። ማለዳ ዓይኑን ታጥባለች፣ ማራገቢያውን ትጠርጋለች፣ ውሻና ድንጋይ ትለያለች። ሸለቆ እንደ ወትሮው ነው፤ ፓምፕ ይጠገናል፣ ለቅሶ ይደረሳል። የእድሩ ሰዎች ኪሩቤል ተሻለው እንዴ፣ ሰሞኑን ጨዋታ ጨምሯል ይሏታል። መጀመሪያ ላይ ተኪው ሲያወራት አትመልስለትም ነበር። ቀጥሎ ሰላምታውን መመለስ ጀመረች። መኝታ ቤት ያለውን ድምፅ ማጉያ ለመንቀል አንድ ሳምንት አመነታች፤ ስትነቅለውም የባሏን ፊት ሳታይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳሎን ሆና በማዳመጫ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታወራለች። ቤቱ ግን ጠባብ ነው፤ በሩም ደህና አይገጥምም።

ኢክራም አንድ ጠዋት ስትመጣ ኤልዳና በመኝታ ቤቱ በር ሥር ቆማ የቱ ጋ ነው የሚያምህ ስትል ሰማቻት። ማዳመጫው የመለሰውን ኢክራም አልሰማችም። ኤልዳና ገብታ ኪሩቤልን በግራ ጎኑ በኩል ትራስ ደገፈችው፤ ተጠንቅቃ፣ እንደ ሁልጊዜው።

«እትዬ፣ የጠየቁት እሳቸውን አይደለም» አለች ኢክራም።

«መልሱ ግን የእሱ ነው» አለች ኤልዳና። «እሱም ሁልጊዜ ግራ ጎኑን ነው የሚያመው።»

ኢክራም አልተከራከረችም። በማግስቱ ትልቅ የፊደል ሰሌዳ ይዛ መጣች፤ ልጆች ሀሁ የሚማሩበትን ዓይነት። በሰው ዓይን የሚታይ አንድ እንቅስቃሴ ለኪሩቤል ቀርቶለት ነበር፤ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ማየት። በጣትዎ ከላይ እስከ ታች ይውረዱ፣ እሳቸው ወደ ላይ ካዩ የፊደሉ ቤት ያ ነው፣ ከዚያ ወደ ጎን ይሂዱ አለቻት። ዕድሜ ልክ የሚፈጅ ሥራ እንደሆነ አልደበቀቻትም።

ኤልዳና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ምን ልትለኝ ትፈልጋለህ አለችው። ጣቷ ከሀ ተነሣ። ለ፣ ሐ፣ መ። እያንዳንዱ ላይ ትቆማለች፣ ዓይኑን ታያለች፣ ትወርዳለች። ሰ፣ ሸ፣ ቀ። ኢክራም በሩን ተደግፋ ቆማለች። በ፣ ተ፣ ነ። ኪሩቤል ፊቱ በላብ ራሰ፤ ኤልዳና ጠርጋለት ቀጠለች። አ፣ ከ፣ ወ። ዘ ላይ ስትደርስ ዓይኑ ወደ ላይ ሄደ። ዘ፣ ዙ፣ ዚ፣ ዛ፣ ዜ። ዝ ላይ እንደገና ወደ ላይ አየ። ሁለተኛውን ፊደል ልትጀምር ስትል ዓይኑ ተከደነ። ደክሞታል።

በማግስቱ ጀመሩ። ዝ አለ። ከዚያ በኋላ አልቻለም። በሦስተኛው ቀንም ያው ዝ ነው።

ኤልዳና ሰሌዳውን ጭኗ ላይ አደረገች። ዝንብ አለብህ ብላ ፊቱ ላይ በእጇ አራገበች። ዝንብ አልነበረም፤ ዓይኑም አልተንቀሳቀሰም። ዝናብ እየገባብህ ነው ብላ መስኮቱን ዘጋች። ዓይኑ ከፊቷ ላይ አልተነሣም። ዝም ልበል ወይ አለችው። ጠበቀች። ወደ ላይ አላየም።

የቀረው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ሦስቱም ያውቁታል። ልዝጋው ወይ ብላ ብትጠይቀው ወደ ላይ ማየት ወይም አለማየት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ዓለሙንም መዝጋት አያስፈልጋትም። ተኪውን ብቻ የሚያጠፋው ትእዛዝ አጭር ነው፤ ኢክራም ቀደም ብላ አሳይታታለች። ኢክራም ያን ቀንም በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። የምትጠይቀው እሷ እንዳልሆነች ታውቃለች።

ኤልዳና የባሏን ዓይን አየች። እሱም አያት። ከዚህ በፊት ዓይን ለዓይን እንዲህ ረጅም ጊዜ የተያዩበትን ቀን ልታስታውስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ከአንገቷ ላይ ከተንጠለጠለው ማዳመጫ ቀጭን ድምፅ ወጣ።

«ኤልዱ» አለ። «ኤልዱ፣ የት ነሽ?»

ኪሩቤል ሰምቶታል። ኤልዳናም እንደሰማ አየች። ሰሌዳውን አልጋው እግር ሥር ግድግዳ ላይ አስደግፋ ተነሣች፣ ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ ሳበችለት።

«መጣሁ» አለች፣ ወደ ሳሎን እየሄደች።